የኦሬንጅ ሎጎ ላይ ያለው ፎንት ምንድን ነው? ኤሪያል ነው ወይስ ሌላ?

ቀለም ቀቢዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ አስቸግሮኛል። የስልክ ኩባንያዎችን ሎጎ ጎን ለጎን አስቀምጬ የማወዳድርበት ስላይድ እየሠራሁ ነው። የኦሬንጅ ተራ ሲደርስ ቀላል መስሎኝ ነበር። ብርቱካናማ ካሬ፣ ከታች በኩል ነጭ ጽሑፍ፣ አለቀ። ያገኘሁት ምስል ሳጎላው ስለሚደበዝዝ ራሴ ልሥራው ብዬ ካሬውን ሣልኩና ቃሉን በኤሪያል ቦልድ ጻፍኩት። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው። ጠጋ ስል ግን የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ከዚያ «የኦሬንጅ ፎንት» የሚል ፋይል ከአንድ ድረ ገጽ አወረድኩ። ስከፍተው ክብ ክብ ያለ፣ ከሎጎው ጋር ምንም የማይገናኝ ፊደል ሆነብኝ። አንዱ ሄልቬቲካ ነው ይላል፣ ሌላው ኤሪያል ነው ይላል፣ ለእኔ ዓይን ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ትክክለኛው ፎንት ምን ይባላል? በምንስ ይለያል? በነፃ ይገኛል ወይ?

ፊደል ለቃሚው፦

ልጄ፣ ሄልቬቲካ ኖየ 75 ነው። ቦልዱ ማለት ነው።

ቁጥሯን ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፋታል። የመጀመሪያዋ አሃዝ የፊደሉን ውፍረት ትናገራለች። 2 በጣም ቀጭኑ፣ 5 መደበኛው፣ 7 ቦልዱ፣ 9 ደግሞ ከሁሉም የወፈረው ነው። ሁለተኛዋ አሃዝ አቋሙን ትናገራለች፤ 5 ከሆነች ቀጥ ብሎ የቆመ፣ 6 ከሆነች ያዘነበለ። ስለዚህ 75 ሲባል ወፍራም ሆኖ ቀጥ ያለ፣ 56 ሲባል መደበኛ ሆኖ ያዘነበለ ነው። ይህን አቆጣጠር ያመጣው አድሪያን ፍሩቲገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለወጣው ኡኒቨርስ ለሚባለው ፊደል። ሄልቬቲካን እንደገና አስተካክለው በ1983 «ኖየ» ብለው ሲያወጡት ቁጥሩን ከዚያ ወሰዱት። ኖየ በጀርመንኛ አዲስ ማለት ነው።

ዋናው ሄልቬቲካ ራሱ የ1957 ልጅ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ሀስ የሚባል፣ ብረት አቅልጦ የሕትመት ፊደል የሚሠራ ድርጅት ነበር። ኃላፊው ኤድዋርድ ሆፍማን ሐሳቡን አመጣ፣ ማክስ ሚዲንገር ሣለው። መጀመሪያ ስሙ ኖየ ሀስ ግሮቴስክ ነበር፤ በ1960 ነው ሄልቬቲካ የተባለው፣ ሄልቬቲያ ከሚለው የስዊዘርላንድ የላቲን ስም ወስደው።

የኦሬንጅን መለያ የሠራው ዎልፍ ኦሊንስ የሚባለው የለንደን ድርጅት ነው። ኔትወርኩ ብሪታንያ ውስጥ በ1994 ሥራ ሲጀምር ካሬውም፣ ቀለሙም፣ ፊደሉም አብረው ወጡ። ኩባንያው በ2000 ወደ ፍራንስ ቴሌኮም እጅ ገባ፣ በ2013 ደግሞ ገዢው ራሱ የገዛውን ስም ወስዶ ኦሬንጅ ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ካሬውና ትንንሾቹ ፊደላት አልተነኩም።

ስድስት ነጥብ፦

ጋሼ ታሪኩን ጨርሰውታል። እኔ የምትጎረብጥሽን ነገር ላሳይሽ።

ሁለቱንም ፎንት ክፈቺና የላቲኗን ትንሿን «ኢ» በጣም አጉልተሽ ጻፊ፣ ስክሪኑን እስክትሞላ። አሁን የታችኛው ክፍሏ ዞሮ ዞሮ የሚያበቃበትን ጫፍ እይው። ሄልቬቲካ ላይ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ተቆርጧል፣ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ነው፣ ማስመሪያ አስደግፈው የቆረጡት ይመስላል። ኤሪያል ላይ ግን ሰያፍ ነው። ያቺ ናት የጎረበጠችሽ። አሁን «ኤ»ን እይ፣ የላይኛው ቅስት በግራ በኩል የሚያልቅበትን። እንደገና ሄልቬቲካው ጠፍጣፋ፣ ኤሪያሉ ሰያፍ። «ጂ»ን እይ፣ ከሥር ያለው መንጠቆዋም እንደዚያው ነው።

የኦሬንጅ ቃል ስድስት ፊደል ብቻ ነው፣ ከስድስቱ ሦስቱ እንዲህ ያለ ክፍት ጫፍ አላቸው። ስለዚህ ኤሪያል ስታስገቢ ግማሹ ቃል ዘመመ ማለት ነው። ዓይንሽ አይቶታል፣ ስም ነው ያጣሽለት። የሚገርመኝ ሁልጊዜ ይሄ ነው፤ ሰው ልዩነቱን ከማወቁ በፊት ይሰማዋል።

ለሌላ ጊዜ እንዲጠቅምሽ፣ ጽሑፉ ውስጥ ትልቁ «አር» ካለ ወዲያው ይለያል። የሄልቬቲካው እግር ጎበጥ ብሎ ወደ ታች ቀጥ ይላል፣ የኤሪያሉ ግን ወደ ውጭ የተዘረጋ ቀጥ ያለ እግር ነው። የትንሿ «ቲ» አናት ደግሞ ሄልቬቲካ ላይ ጠፍጣፋ፣ ኤሪያል ላይ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። ኦሬንጅ ላይ እነዚህ ስለሌሉ ከላይ ባሉት ሦስቱ ነው የምትለዪው።

ኤሪያል ከሄልቬቲካ ጋር ለምን ተመሳሰለ ካልሽ፣ ሆን ተብሎ ነው። በ1982 ሮቢን ኒኮላስና ፓትሪሻ ሳውንደርስ ሞኖታይፕ የሚባል ፊደል ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ሆነው ለአይቢኤም ሌዘር ማተሚያ ነው የሠሩት። የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከሄልቬቲካ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል፣ አንዱን በሌላው ብትተኪው መስመሩ ቦታውን እንዳይለቅ። ለዚህ ነው ከሩቅ ያው የመሰለሽ። በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ላይ ተጭኖ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቤት ገባ።

ቀለም ቀቢዋ፦

ወይኔ! አጎልቼ አየሁት። አሁንማ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ፣ ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ ላይ የ«ኢ»ን ጫፍ እየፈለግኩ ነው። ጋሼም፣ ስድስት ነጥብም፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ኩባንያ ለምን ማንም ሊገዛው የሚችል ተራ ፊደል ይመርጣል? የራሱን ማሠራት አይችልም ነበር?

ድር ሠሪ፦

እኔም በዚህ አዝናለሁ። ስንፍና ነው የሚመስለኝ። የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ ቬራይዘንን ተመልከቱ፤ በ2015 ሎጎውን ሲቀይር ያደረገው ያንኑ የስዊዝ ፊደል ማስገባትና ቀይ ምልክት መጨመር ነው። የሠራው ማይክል ቢሩት ነው፣ ታላቅ ዲዛይነር፣ ፊደሉም ኖየ ሀስ ግሮቴስክ ነበር፣ ማለትም ሄልቬቲካ በመጀመሪያ ስሙ። ሁሉም እንዲህ ካደረገ ኩባንያን ከኩባንያ በምን እንለይ?

ኖኪያን ደግሞ አስታውሱ። በ2002 ኤሪክ ስፒከርማን ኖኪያ ሳንስን ሠራለት። ስልኩን ከፍተህ አንድ ቃል ስታነብ የማን ስልክ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሎጎው ተሸፍኖ እንኳ ፊደሉ ይናገራል። በ2011 ያንን ትተው በዳልተን ማግ ኖኪያ ፒዩርን አሠሩ፣ እሱም ቢሆን የራሳቸው ነው። የስልክ ኩባንያ ሥራው ንግግር አይደለም እንዴ? የራሱ ድምፅ ሊኖረው ይገባል።

ስድስት ነጥብ፦

ድር ሠሪ፣ ስለ ኖኪያ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ችግር አልነበረባቸውም። የኖኪያ ፊደል ስልኩ ስክሪን ላይ መኖር ነበረበት፤ ምናሌው፣ መልእክቱ፣ የስልክ ቁጥሩ፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚጻፈው። እዚያ የራስ ፊደል ዋጋ አለው። ኦሬንጅ በ1994 የነበረበት ቦታ ሌላ ነው። አራተኛ ሆኖ ነው የገባው። ቮዳፎንና ሴልኔት ከ1985 ጀምሮ ነበሩ፣ ዋን ቱ ዋን ደግሞ በ1993 ቀድሞታል። የሌሎቹን ስሞች እዩአቸው፣ ወይ ድምፅና ስልክ የሚል፣ ወይ ኔትወርክ የሚል፣ ወይ አንድ ለአንድ የሚል ነገር አለባቸው። ይሄኛው መጥቶ የቀለም ስም ያዘ። ስለ ስልክ ምንም የማይናገር ስም። ካሬውም ያንኑ ቀለም ነው። ቃሉ ቀለሙን ይጠራል፣ ቀለሙ ቃሉን ያሳያል። እዚያ ላይ ፊደሉ የራሱን ወሬ ቢጀምር ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያወራ ይሆናል።

እኔ እንደ ስንፍና አላየውም። ፊደሉ ዝም እንዲል ነው የተመረጠው። ደግሞ ሁሉንም በትንንሽ ፊደል መጻፋቸውን አትርሱ፤ በትልልቁ ቢጻፍ ኖሮ ያው 75 ቦልድ የሚጮህ ነገር ይሆን ነበር። በቬራይዘን ላይ ግን አልከራከርህም፣ እዚያ የሚደግፈው ቀለምም ስምም ያን ያህል አልነበረም።

ፊደል ለቃሚው፦

ልጆች፣ ስለ ስልክ ኩባንያና ፊደል ካነሣችሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኔ ይህን ሙያ የወደድኩት በእሱ ነው።

ሎጎው ትንሹ ጉዳይ ነው። የስልክ ኩባንያ ከሁሉ በላይ ፊደል የሚያስፈልገው ለስልክ ማውጫው ነበር። ያ ወፍራም መጽሐፍ። ኤቲ ኤንድ ቲ አሜሪካ ውስጥ ከ1938 ጀምሮ ማውጫውን የሚያሳትመው ቤል ጎቲክ በሚባል ፊደል ነበር፣ ቻውንሲ ግሪፊዝ የሠራው። ፊደል ከእርሳስ ብረት እየቀለጠ በሚሠራበት ዘመን በደንብ አገለገለ። ኋላ ግን ፊደል መልቀሙ ከእርሳስ ወደ ኤሌክትሮኒክ ማሽን ተዛወረ፣ ማሽኑ ላይ ቀጫጭኖቹ መስመሮች እየሳሱ ይቆረጡ ጀመር። የስልክ ቁጥር ላይ አንድ መስመር ከጠፋ 8 የነበረው 3 መስሎ ይታያል። አስቡት፣ ሰው ሌላ ቤት ይደውላል።

ኩባንያው ማቲው ካርተርን አዲስ ፊደል ሥራልን አለው። ያ ፊደል በ1978 ወጣ፣ ቤል ሴንቴኒያል ይባላል፣ ስሙ የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። መጠኑ 6 ነጥብ ነው፣ ማለትም ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ወረቀቱ ርካሽ፣ ማተሚያው ፈጣን፣ ቀለሙ የሚፈስ። ካርተር ምን አደረገ መሰላችሁ? መስመር ከመስመር በሚገናኝበት ጥግ ሁሉ ፊደሉን ቦረቦረው። አጉልታችሁ ብታዩት አይጥ የበላው ይመስላል፣ በጣም ያስጠላል። ሲታተም ግን ቀለሙ ይፈስና ያንን ጉድጓድ ይሞላዋል፣ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስሕተቱን አስቀድሞ አስልቶ ቦታ ተወለት። ከዚህ ሌላ ጠበብ አድርጎ ስለሠራው ስምና አድራሻ በአንድ መስመር ይገባ ጀመር፣ ወደ ሁለተኛ መስመር የሚፈሰው ቀነሰ፣ ወረቀትም ተረፈ። በአራት ዓይነት ነው የሠራው፤ ለስምና ቁጥር አንድ፣ ለአድራሻ ሌላ፣ እንዲህ እያለ።

በመጀመሪያ ሳየው የተበላሸ ሕትመት መስሎኝ ነበር። የገባኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካርተር በኋላ ደግሞ ቨርዳናን ሠራ፣ በስክሪን ላይ እንዲነበብ። ያው አስተሳሰብ ነው፤ መጀመሪያ ፊደሉ የሚያርፍበትን ነገር ማወቅ።

ድር ሠሪ፦

ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አሁን ፈልጌ አየሁት፣ እውነትም የተበላ ይመስላል። እግዜር ይስጥልኝ።

ሐሳቤን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። እንዲያውም እርስዎ ያሉት የእኔን ነገር ይደግፋል፤ ችግሩ የራሱ ከሆነ ፊደሉም የራሱ ይሁን። ኤቲ ኤንድ ቲም በ2016 ሌላ የራሱን አሠርቷል፣ አሌክ የሚባል፣ ከአሌክሳንደር ግርሃም ቤል የቤት ስም የወሰዱት።

ወደ ጠያቂዋ ጥያቄ ልመለስ፣ ነፃ ነው ወይ ላልሽው። አይደለም። ሄልቬቲካ ኖየ የሞኖታይፕ ንብረት ነው፣ ፈቃድ ይገዛበታል። ማክ ካለሽ አብሮ ተጭኖ ይመጣል፣ ለስላይድሽ እዚያው ተጠቀሚበት። ማክ ከሌለሽ ኒምበስ ሳንስን ሞክሪ፣ ዩአርደብልዩ የሠራው የሄልቬቲካ ግልባጭ ነው፣ በነፃ ፈቃድ ይገኛል። ቴክ ጋይር ሄሮስ የሚባለውም ከእሱ የተወለደ ነው። የ«ኢ» ጫፋቸው ጠፍጣፋ ነው፣ አትስጊ። ኢንተር የሚባለውን ፊደል የሚመክሩሽ ይኖራሉ፣ በጣም ጥሩ ፊደል ነው፣ ነፃም ነው፣ እኔ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ግን ሄልቬቲካ አይደለም። ለዚህ ሥራ አይሆንሽም።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ኦሬንጅ ራሱ ቡስትድ የሚባል ክፍት የሆነ የድረ ገጽ መሥሪያ አለው። ኮዱን ማንም ይውሰድ ብለው ለቀውታል፤ ፊደሉ ግን ለብቻው ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በግልጽ ጽፈዋል። ኮዱ ነፃ ስለሆነ ፊደሉም ነፃ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት።

ባነር አታሚ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ግን «የኦሬንጅ ፎንት» ብለሽ ያወረድሽውን ፋይል እባክሽ አሁኑኑ አጥፊው። ከእንደዚህ ዓይነት ድረ ገጾች የሚወርደው ነገር ብዙ ጊዜ ወይ ሌላ ፊደል ነው፣ ወይ ግማሹ ፊደል የጎደለው ነው፣ ወይ የተሰረቀ ነው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ደንበኛ ሎጎውን በተጻፈ ጽሑፍ መልክ ላከልኝ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ ሳይቀይረው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት የለም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ በኤሪያል ተካው፣ እኔም አላየሁም፣ ምክንያቱም ስፋቱ እኩል ስለሆነ ምንም ነገር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ሜትር ባነር ታተመ። ደንበኛው መጥቶ አንድ ጊዜ አየውና «ይሄ የእኛ አይደለም» አለ። ምኑ ነው ብለው አልነገረኝም፣ ግን አልተሳሳተም። ድጋሚ በኪሴ አተምኩት።

ከዚያ ወዲህ ሎጎ ላይ ያለ ጽሑፍ በጽሑፍነቱ አልቀበልም። ወደ ቅርጽ ተቀይሮ፣ በቬክተር ፋይል፣ ማለትም ሲጎላ በማይደበዝዝ ፋይል ይምጣልኝ እላለሁ። አንቺም ቃሉን መጻፍሽን ተዪው። ፎንቱ ትክክል ቢሆን እንኳ በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ቃሉ ካሬው ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ በግምት ልታገኚው አትችዪም። ኩባንያዎች ሎጎአቸውን ለጋዜጠኛና ለአጋር ብለው በጥራት ያስቀምጡታል፣ ከዚያ ውሰጂ። ኦሬንጅ ደግሞ በጣም ትንሽ ሆኖ ለሚታይ ቦታ ለብቻው የተዘጋጀ ሎጎ ስላለው የትኛውን እንደያዝሽ ተመልከቺ።

ቀለም ቀቢዋ፦

ፋይሉን አጠፋሁት። ስለ ባነሩ በጣም አዘንኩ፣ ግን እኔንም አድኖኛል፣ እኔም በጽሑፍ መልክ ነበር ልልከው ያሰብኩት። ቬክተሩን ከኩባንያው ገጽ አግኝቻለሁ፣ አሁን የፈለግኩትን ያህል ባጎላው አይደበዝዝም።

ስላይዱ ላይ አንድ ገጽ ጨመርኩ። የሄልቬቲካን «ኢ» በግራ፣ የኤሪያልን በቀኝ፣ ጫፋቸው ላይ ቀይ መስመር አስምሬበታለሁ። የቤል ሴንቴኒያልንም ልጨምር ነው፣ ጋሼ ከፈቀዱልኝ በእርስዎ አገላለጽ።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ስድስት ነጥብ። ስላይዱ ላይ ሄልቬቲካን መጠቀሜ ሕጋዊ ችግር አለው? ሎጎውን ማሳየቴስ?

ስድስት ነጥብ፦

ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ሎጎው የንግድ ምልክት ነው። ለማወዳደርና ለማስተማር ማሳየትና የራስሽ ሥራ ላይ ለጥፈሽ ከእነሱ የመጣ ማስመሰል የተለያየ ነገር ነው፤ የአንቺ የመጀመሪያው ነው። ፎንቱ ደግሞ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የፊደሉን ቅርጽ ብቻውን የቅጂ መብት አይጠብቀውም፣ ፋይሉን ግን እንደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ይጠብቀዋል። ሌሎች አገሮች ላይ ቅርጹም ሊጠበቅ ይችላል። ኮምፒውተርሽ ላይ በሕጋዊ መንገድ ካለ በእሱ መጻፍ ችግር የለውም። የፎንቱን ፋይል ግን ከስላይዱ ጋር ለሌላ ሰው አትላኪ። በፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪው።

ፊደል ለቃሚው፦

ተጠቀሚበት ልጄ፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብቻ ቤል ሴንቴኒያልን ስታሳዪ ሁለቱንም አሳዪ፤ አንዱን አጉልተሽ፣ ሌላውን በ6 ነጥብ ወረቀት ላይ አትመሽ በእጃቸው ስጫቸው። በስክሪን ብቻ ካሳየሻቸው አስቀያሚ ፊደል ነው ብለው ይሄዳሉ።